ኢዳ ፕሬስቲ ብቻዋን ብትቀጥል ኖሮ፦ አንድ ጥያቄና 31 መልሶች

ጥያቄውን በኢንተርኔት የጊታር መወያያ ላይ የለጠፍኩት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ የድሮ ቅጂ እያዳመጥኩ ነበር፤ ኢዳ ፕሬስቲና አሌክሳንድር ላጎያ የተጫወቱትን። ሁለት ክላሲካል ጊታር፣ ባልና ሚስት። የደቡሲ «የጨረቃ ብርሃን» ላይ ስደርስ አንዱ የት አቁሞ ሌላው የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ተነስቼ መጻፍ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመክፈቻ ጽሑፌ እንዲህ የሚል ነበር። ፕሬስቲ በ1924 ፓሪስ ሥር ባለችው በሱረን ተወለደች። መጀመሪያ ያስተማራት አባቷ ነው። ገና ልጅ ሳለች መድረክ ላይ ወጣች፤ በ13 እና በ14 ዓመቷ ሸክላ አስቀረጸች። የስፔናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሮድሪጎን የአራንሁዌዝ ኮንሰርቶ፣ ለጊታርና ለኦርኬስትራ የተጻፈውን ሥራ፣ በ1948 ለፈረንሳይ አድማጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማችው እሷ ናት። ከዚያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ላጎያን አገባች። ሁለቱ አብረው መጫወት ጀመሩ፤ የሶሎ፣ ማለትም ብቻዋን የመጫወት፣ ሕይወቷም ወደ ጎን ተባለ። ከ2000 በላይ ኮንሰርት ካቀረቡ በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 1967 አሜሪካ ውስጥ ለኮንሰርት በሄዱበት፣ ሮቸስተር ከተማ ላይ በድንገት ሞተች። 42 ዓመቷ ነበር። እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ብቻዋን ብትቀጥል ኖሮ የዘመኑ ታላቅ ጊታሪስት ተብላ በሁሉም አፍ አትነሳም ነበር ወይ? የራሴን አቋምም አልደበቅኩም። ዱዎው፣ የሁለቱ ጥምረት፣ ፕሬስቲን ወስዶብናል ብዬ ጻፍኩ።

ያን ሌሊት ያልጻፍኩት አንድ ነገር ነበር። ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ጠዋት ስነሳ ሁለት መልስ ደርሶ ነበር። 1ኛው እጅግ ጨዋ ነው፤ አንቱ ብሎ ነው የሚያናግረኝ። ለጽሑፌ አመሰገነ፤ የሶሎ ቅጂዎቿን ሰምቼ እንደሆነ ጠየቀ፤ ካልሰማሁ በልጅነቷ ከቀረጸቻቸው እንድጀምር መከረኝ። ቀጥሎ ፕሬስቲ ለራሷም ለሶሎ ጊታር የሙዚቃ ድርሰት ትጽፍ እንደነበር አስታወሰኝ። ስለዚህ ወደ ጎን ተባለ ማለቴ ትንሽ መላላት እንዳለበት በትሕትና ነገረኝ። 2ኛዋ በአንድ መስመር ሙሉ በሙሉ እንደምትስማማ ገልጻ ሄደች።

3ኛው መላሽ አረመኝ። መታረም የሚገባኝ ነገር ነበር። በመክፈቻው መጨረሻ ላይ፣ ከላይ ያልደገምኩት፣ የሮድሪጎን «ኮንሰርቶ ማድሪጋል» ፕሬስቲና ላጎያ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳቀረቡት አድርጌ ጽፌ ነበር። ሰውየው በትዕግሥት አስረዳኝ። ሮድሪጎ ያንን ለሁለት ጊታርና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ በ1966 የጨረሰው ለእነሱ ብሎ ነው። ግን አልደረሱበትም። በቀጣዩ ዓመት እሷ ሞተች። ሥራው መድረክ ያየው በ1970 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሆሊውድ ቦውል ነው፤ የተጫወቱትም ወንድማማቾቹ ፔፔና አንሄል ሮሜሮ ናቸው። መላሹ አንድ ነገር ጨመረ፦ ያንን ሥራ በሰማ ቁጥር ሌሎች ሰዎች የገቡበት፣ ለሌላ ሰው ተሠርቶ የነበረ ቤት ይመስለዋል። ስህተቴን አረምኩና አመሰገንኩት። ያ ምስል ግን እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ከ4ኛው ጀምሮ ውይይቱ ሞቀ። 4ኛው «ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውን ተረት አንስቶ፣ እኔ ነገሩን ገልብጬ እንዳየሁት ተናገረ። ክርክሩ ጠንካራ ነው። በ1950ዎቹ ጊታር በክላሲካል ሙዚቃ ቤት ውስጥ ገና እንግዳ ነበር ይላል። ትልቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ የፓሪስ ኮንሰርቫቷር ራሱ የጊታር ክፍል የከፈተው በ1969 ነው። ለሶሎ ጊታር ትልልቅ ሥራዎች ቢኖሩም፣ በዚያ ሜዳ ላይ ሴጎቪያ ቆሞበታል። ስፔናዊው ሴጎቪያ በዚያን ጊዜ የጊታር ሌላ ስም ነበር። ፕሬስቲ ብቻዋን ብትቀጥል የምትለካው በእሱ ነበር። ከላጎያ ጋር ግን ማንም ያልቆመበት ሜዳ አገኘች።

5ኛዋ ይህንን በዝርዝር ደገፈችው። እኔም በዚህ መልስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ እሱ ነውና። ለሁለት ጊታር የተጻፈ ሙዚቃ ከእነሱ በፊትም እንደነበር ጀመረች፤ ጊታሪስትም ደራሲም የነበሩት ሶር፣ ካሩሊና ጁሊያኒ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ስስ ነበር። ፕሬስቲና ላጎያ በሁለት መንገድ ሞሉት። አንደኛው ራሳቸው ከሌላ መሣሪያ እያመጡ ማቀናበር ነው፤ ከባኽ፣ ከደቡሲ፣ ከአልቤኒዝ፣ ከግራናዶስና ከፋያ። ሁለተኛው የዘመናቸው የሙዚቃ ደራሲዎች እንዲጽፉላቸው ምክንያት መሆን ነው። ዦሊቬ ሴሬናድ ጻፈላቸው። ዳንየል ለሱር ኤሌጂ፣ ፒየር ፕቲ ቶካታና ታራንቴላ፣ ሮድሪጎ ቶናዲያ። ካስቴልኑዎቮ ቴዴስኮ ደግሞ፣ ያ በ1939 ከጣሊያን ተሰዶ አሜሪካ የኖረው አይሁዳዊ ደራሲ፣ በእነሱ ተማርኮ ጽፎ አላበቃ አለ። በ1961 ሶናቲና ካኖኒካ። በ1962 ኮንሰርቶ ለሁለት ጊታር። በዚያው ዓመት ደግሞ 24 ፕሬሉድና 24 ፉጋ፣ በሁሉም የቃና ዓይነቶች፣ ልክ ባኽ ለቁልፍ መሣሪያ እንዳደረገው። ሴትየዋ እዚህ ላይ ጥያቄዬን መልሳ ለእኔ ወረወረችው፦ ሰው 24 ፉጋ የሚጽፈው በሐዘኔታ ነው ወይ? አንድ ደራሲ እዚያ ድረስ የሚሄደው መሣሪያው ሙሉ ሆኖ ሲታየው ነው። ፉጋ ሦስትና አራት ድምፅ በየራሱ መንገድ የሚሄድበት ሙዚቃ ነው። በአንድ ጊታር ላይ ስድስት ክርና አራት የግራ እጅ ጣት ይዞ ያንን ረጅም መንገድ መሄድ ጭንቅ ነው። በሁለት ጊታር ግን ድምፆቹ ይተነፍሳሉ።

6ኛው መላሽ ከጉዳዩ ወጣ። የትኛውን ዓይነት ክር ይጠቀሙ እንደነበር ጠየቀ። 7ኛው ስለ ናይለን ክር ታሪክ ረጅም ትምህርት ሰጠ፤ ከጦርነቱ በፊት ክሩ ከእንስሳ አንጀት ይሠራ እንደነበር፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ላይ ጊታር ሠሪው አልበርት ኦገስቲን ከሴጎቪያ ጋር ተማክሮ ናይለኑን ለገበያ እንዳወጣው። ጥሩ ትምህርት ነው። የ6ኛውን ጥያቄ ግን አልመለሰም።

8ኛው ወደ እጃቸው ወሰደን። የሁለቱ ድምፅ ለምን እንደዚያ እንደተመሳሰለ የሚያስረዳ ስለሆነ በጥንቃቄ አነበብኩት። አብዛኛው ክላሲካል ጊታሪስት ክሩን የሚመታው በጥፍሩ በግራ በኩል ነው፤ ማለትም ወደ አውራ ጣት ባለው ጎን። ፕሬስቲና ላጎያ ግን በቀኝ በኩል ነበር፤ ወደ ትንሿ ጣት ባለው ጎን። ለዚህም የእጅ አንጓቸው አቀማመጥ ከሌላው ይለያል። ድምፁ ወፍራምና ብሩህ ይሆናል፤ አዳራሽ ውስጥም ሩቅ ይደርሳል። ከዚህ ጋር ጊታራቸውም ከአንድ ሠሪ እጅ የወጣ ነበር፤ ሠዓሊም ጊታር ሠሪም የነበረው የፓሪሱ ሮበርት ቡሼ። እንግዲህ የጥፍር ጎኑ አንድ ነው፣ የመሣሪያው ሠሪም አንድ ነው። ጆሮዬ እነሱን መለየት ያቃተው ያለ ምክንያት አልነበረም።

9ኛው እዚህ ላይ ተቆጣ። ይህ የቀኝ ጎን አመታት እጅ ይጎዳል፣ ስንት ተማሪ አበላሽቷል፣ እንደ ምሳሌ መቅረብ የለበትም አለ። 10ኛዋ ስትመልስለት ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሄደች። ይህ ጠብ አዲስ እንዳልሆነ አስረዳች። ስፔናውያኑ ሶርና አጉዋዶ በፓሪስ አንድ ሆቴል ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሶር የሚጫወተው በሥጋ ነው፣ ያለ ጥፍር። አጉዋዶ በጥፍር። ሶር በ1830 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፉ ጥፍርን ክፉኛ ሲነቅፍ አጉዋዶን ግን ከነቀፋው ነጥሎ አወጣው። ለሁለታቸው እንዲሆን የጻፈውም ሥራ አለ፤ «ሁለቱ ጓደኛሞች» ይባላል፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 41። በጥፍር የማይስማሙ ሁለት ሰዎች አብረው ተቀምጠው መጫወት ከቻሉ፣ እኛ ደግሞ ተከባብረን ማውራት አያቅተንም የሚል ነበር መልእክቷ። 9ኛው አልተመለሰም።

ከዚያ የየራሳቸውን ታሪክ የሚያወሩ መጡ። 11ኛዋ ከእህቷ ጋር ለዓመታት ስትጫወት ኖራለች። ችግራቸው ሁሌ ቅኝት ነበር። አንድ ጊታር ስድስት ክር አለው፤ ትንሽ ቢዛባ ጆሮ ይታገሰዋል። ሁለት ሲሆን 12 ክር ነው፤ የአንዱ መዛባት በሌላው ላይ ይጋለጣል። ናይለን ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት ይለዋወጣል። መድረክ ላይ መብራት ሲበራ ያ ሁሉ ልፋት ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ ያገኙት መፍትሔ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሳይሆን አንዷ ቃኝታ ሌላዋ ያንን እየሰማች በአንድ የጋራ ድምፅ ላይ መስማማት ነው። ማሽኑን ተዉት። የማሽኑ መርፌ ትክክል ነው ሲል ጆሮ አይደለም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነውና።

12ኛው ስለ አጀማመር አወራ። ይህን የማያውቅ ሰው የዱዎን አስቸጋሪነት አያውቅም። ቫዮሊን ድምፁን ከባዶ ቀስ አድርጎ ማሳደግ ይችላል፤ ሁለት ቫዮሊን በጥቂቱ ቢቀዳደም ድምፁ ሲያብጥ ይሸፈናል። ጊታር እንዲህ አይደለም። ክሩ ሲመታ ድምፁ ወዲያው ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ መሞት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለት ጊታር እኩል ካልመታ መሸሸጊያ የለም። ጥቂት መቶኛ ሰከንድ እንኳ ይሰማል። ሰውየው ከጓደኛው ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይለማመዱ እንደነበር ተናገረ። ሳይተያዩ፣ በትንፋሽ ብቻ። መጀመሪያ ትርምስ ነበር። ከወራት በኋላ ግን ፊት ለፊት ሲቀመጡ መተያየት አላስፈለጋቸውም።

13ኛው ከእኔ ወገን ሆኖ መጣ። ማስረጃው ብራዚላውያኑ የአብሬው ወንድማማቾች ናቸው፤ ሰርዥዮና ኤድዋርዶ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዓለምን አስደነቁ፤ በ1975 አካባቢ ኤድዋርዶ መጫወቱን ተወው። ሰርዥዮ ብቻውን ጥቂት ቀጠለ፤ ኋላ እሱም መድረኩን ትቶ ጊታር ሠሪ ሆነ። በ2023 ነው የሞተው። 13ኛው እንደሚለው ዱዎ ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ ያቃጥላል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላውም ይጠፋል። 14ኛዋ ግን ይህንን አልተቀበለችም፤ አነጋገሯም ጠንከር ያለ ነው። ሰው ለምን እንዳቆመ ሳናውቅ ጥፋቱን በዱዎ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ደግሞስ አብሬዎቹንም ያስተማረችው የሪዮዋ መምህርት የሞኒና ታቮራ ተማሪዎች የሆኑት የአሳድ ወንድማማቾች፣ ሰርዥዮና ኦዳይር፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አብረው ተጫውተው የለም ወይ? አርጀንቲናዊው የታንጎ ደራሲ ፒያሶላ በ1984 የታንጎ ስዊቱን የጻፈው ለእነሱ ነው። አንድ ቤት ሁለት ዓይነት ታሪክ ካወጣ፣ ሕጉ እኔና 13ኛው እንዳልነው አይደለም ማለት ነው። ልክ ነበረች። ያን ጊዜ ግን አላመንኩም፤ ዝም አልኩ።

15ኛው ሦስተኛ መንገድ እንዳለ አስታወሰ። እንግሊዛዊው ጁልያን ብሪምና አውስትራሊያ የተወለደው ጆን ዊልያምስ በ1970ዎቹ አብረው ሸክላ ቀረጹ፤ መድረክም ላይ ወጡ። ሁለቱም ግን በየራሳቸው የሶሎ ሰዎች ሆነው ነው የቆዩት። ሲገናኙ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ይሰማሉ፤ ጸባያቸው ራሱ ይጋጫል። ሙዚቃውም ከዚያ ግጭት ይጠቀማል። እኔ ያንን አጨዋወት እወዳለሁ። ከፕሬስቲና ላጎያ ጋር ማወዳደር ግን ይከብደኛል፤ ሥራው የተለያየ ነውና።

አሁን ወደ ክፉው ክፍል ደረስን። 16ኛው፣ በአንድ አንቀጽ፣ ላጎያ ከሚስቱ በታች እንደነበረና በእሷ ጥላ ሥር እንደኖረ ወሰነ። ምንም ማስረጃ አላቀረበም። 17ኛው ከአንቱ ወደ አንተ ወርዶ መለሰለት፤ ጆሮ እንዳለው ጠየቀው። ላጎያ በ1929 አሌክሳንድሪያ፣ ግብፅ ውስጥ፣ ከግሪካዊ አባትና ከጣሊያናዊ እናት ተወልዶ፣ ያለ ማንም ድጋፍ ፓሪስ ደርሶ ራሱን የሠራ ሰው ነው አለ። የቀኝ እጁን አጨዋወት አስቦ ያዳበረ፣ ትውልድ ያስተማረ። 18ኛው መልስ ስድብ ስለነበረበት ተነስቷል፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። 19ኛው የመወያያው አስተዳዳሪ ነው፤ ሰው ሳይሆን ሐሳብ እንድንተች አሳሰበ።

20ኛዋ ስትመጣ ቤቱ ጸጥ አለ። በቁጣ አልጻፈችም። ሆኖም ከሁሉም መልሶች እኔን ያመመኝ የእሷ ነው። ጥያቄዬን ከመጀመሪያው እንደገና እንዳነበው ጠየቀችኝ። ፕሬስቲ ብቻዋን ብትቀጥል ኖሮ ብለሃል፤ ላጎያ ብቻውን ቢቀጥል ኖሮ ግን አላልክም የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። እሱም የሶሎ ሰው ነበር። እሱም ወደ ጎን ያለው ነገር ነበር። እሷ ላይ ሲሆን ኪሳራ፣ እሱ ላይ ሲሆን ትርፍ አድርገህ ለምን ቆጠርከው? ከዚያም ጨመረች፦ አንዲት በልጅነቷ ዓለም ያጨበጨበላት ሴት፣ ምን እንደምትጫወትና ከማን ጋር እንደምትጫወት ራሷ መምረጥ የማትችል አድርገን ለምን እናስባለን? የመረጠችው ያንን ነው። በ2000 ኮንሰርት ደጋግማ መረጠችው።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ስመለስ 21ኛው ገብቶ ነበር፤ ከ20ኛዋ ጋር የሚሄድ፣ ግን ሙያዊ መልስ። የሶርን «ላንኩራዥማ» አነሳ፤ ኦፐስ 34፣ ማበረታቻ ማለት ነው። ሶር ሲጽፈው አንዱን ክፍል ለተማሪ፣ ሌላውን ለመምህር ብሎ ከፍሎታል። ዜማው በሙሉ የተማሪው ነው፤ መምህሩ ከሥር ያጅባል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ተማሪው እንዲደፋፈር ነው። ፕሬስቲና ላጎያ ያንን ክፍፍል አልተቀበሉትም። ዜማው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያልፍ አድርገው ኖታውን እንደገና አከፋፈሉት። አንዱ አንድ ሐረግ ይዘምራል፤ ሌላው ያጅባል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። 21ኛው ኖታዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስተያየ ሰው ነው፤ በነሱ ቅንብር መምህርም ተማሪም የለም አለ። ያ ሌሊት ላይ ጆሮዬን ያሸነፈው ነገር ይኸው ነው። እኔ ማን መሪ ማን አጃቢ እንደሆነ ስፈልግ ነበር። እነሱ ደግሞ ያ እንዳይገኝ አድርገው ሠርተውታል።

22ኛው የእኔ ነው። ደብቄው የቆየሁትን እዚያ ላይ ጻፍኩ። ለስምንት ዓመት አብሮኝ የተጫወተ ጓደኛ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ብቻውን መጫወት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሰው ባለበት መድረክ ላይ ራሱን ብቻውን መስማት ናፍቆታል። አልተጣላንም። እኔን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱዎ ሰውን ይውጣል ወይስ ይሠራል የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። ፕሬስቲን ያነሳሁት ለዚህ ነው። እሷ ተጎድታለች ብሎ ሰው ቢስማማልኝ፣ ጓደኛዬ መሄዱ ትክክል ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ ብዬ ነበር። ይህንን ሁሉ ጻፍኩና 20ኛዋን ይቅርታ ጠየቅኩ።

23ኛው፣ 24ኛዋና 25ኛው ደግ ነበሩ። አይዞህ ባዮች። 26ኛው ደግሞ ሌላ ሰው እንድፈልግ መከረኝ፤ ይህን ከልቡ እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን ስምንት ዓመት የተጠራቀመ ትንፋሽ በማስታወቂያ አይገኝም። 11ኛዋ ተመልሳ መጥታ 27ኛውን ጻፈች፤ ከእህቷ ጋር አንድ ጊዜ ለሁለት ዓመት እንደተለያዩና ሲመለሱ አጨዋወታቸው እንደበሰለ ነገረችኝ። እህቷ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቻዋን ተጫውታ ያገኘችውን ቀለም ይዛ ነው የመጣችው።

28ኛው ከፕሬስቲ በኋላ ስላለው ላጎያ ነው፤ ሊዘለል የማይገባ። ሚስቱ ስትሞት ለዓመታት ከመድረክ ራቀ። በ1969 ግን ኮንሰርቫቷሩ የጊታር ክፍል ሲከፍት አስተማሪው እሱ ሆነ፤ እስከ 1994 አስተማረ። ኋላም በሶሎ ተመለሰ፤ ከዋሽንት ተጫዋቹ ዣን ፒየር ራምፓል ጋር ሠራ፤ ክሎድ ቦሊንግ በ1975 ለክላሲካል ጊታርና ለጃዝ ፒያኖ የጻፈው ኮንሰርቶም ለእሱ ነው። በ1999 ሞተ። መላሹ እዚህ ላይ 13ኛውን ጠቅሶ ጠየቀ፦ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይጠፋል ያልከው ይህን ሰው ይጨምራል ወይ? 13ኛው ብዙም ሳይቆይ በ29ኛው ተመለሰና ስህተቱን አመነ። እንደዚያ ስህተትን ማመን በእንዲህ ዓይነት ቦታ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ አከበርኩት።

30ኛው ስለ ማጉያ ነው፤ ሁለት ጊታር በትልቅ አዳራሽ ማይክ ይፈልጋል አይፈልግም የሚል። ያ ራሱን የቻለ ውይይት ይሆናል፤ አልገባበትም። 31ኛው ደግሞ የ6ኛው ሰው ነበር፤ ስለ ክሩ አሁንም መልስ ይጠብቃል። ማንም አልመለሰለትም።

እኔ በበኩሌ በዚያው ቀን ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩለት። ሶሎውን እንዲጫወት፣ የመጀመሪያ ዝግጅቱ ላይ ከፊት እንደምቀመጥ ነገርኩት። ከዚያ ስለ «ላንኩራዥማ» ሁለት ክፍፍል አወራሁት። ለስምንት ዓመት የተጫወትነው በሶር ክፍፍል ነው፤ ዜማው የእኔ፣ አጃቢው የእሱ። ይህንን ስናገር ስልኩ ውስጥ ጥቂት ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ማን እንደደከመውና ለምን እንደደከመው ያኔ ነው የገባኝ።

የሌላኛውን ኖታ እንዳመጣ ጠየቀኝ። ቅዳሜ እንገናኛለን። የ12ኛውን ምክር ይዘን ጀርባ ለጀርባ እንቀመጣለን፤ የ11ኛዋን ምክር ይዘን ማሽኑን እንተዋለን። መጀመሪያ የሚቃኘው እሱ ነው።